የክላውድ መተግበሪያዎች ጽናት፦ አያያዙና አመዛዘኑ ከላሊበላ ሲታይ

(በላሊበላ ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ በድምፅ ተቀድቶ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል።)



የዛሬውን ርእስ የሰሙ አንድ አባት ትናንት «ልጄ፣ ይህ ደመና የምትሉት ነገር ዝናብ ያዘንባል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አያዘንብም፤ የጠፋ ዕለት ግን ድርቁ ይሰማል» ብዬ መለስኩላቸው። ከጥያቄያቸው በስተጀርባ ቁም ነገር አለ። ክላውድ የሚባለው ቴክኖሎጂ ከላስታ ተራሮች ርቆ የሚገኝ የሌሎች ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በስልክ ገንዘብ ስትልኩ፣ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ፣ እንግዳ ከባሕር ማዶ ሆኖ በሆቴላችሁ አልጋ ሲይዝ፣ የጤና ጣቢያው ወርሃዊ ሪፖርት ሲላክ፣ ከሥራው ጀርባ ሌላ ቦታ የተቀመጡ ኮምፒውተሮች አሉ። ኮምፒውተሮቹ የእናንተ አይደሉም፤ መቋረጣቸው የሚያስከፍለው ዋጋ ግን የእናንተ ነው።

በዚህ ገለጻ ላስረዳ የምሻው ፍሬ ነገር አንድ ነው። የአንድ መተግበሪያ ጽናት የሚመዘነው ተገልጋዩ በቆመበት መስኮት ላይ ነው። ሰርቨሮቹ በተደረደሩበት አዳራሽ ውስጥ ብቻ የተለካ ጽናት ግማሽ ልኬት ነው። ሌላው የምናገረው ሁሉ የዚህ ሐሳብ ማብራሪያ ነው።

ክላውድ ምንድን ነው?

ወፍጮ ቤትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ቀበሌ የሚኖር አባወራ ሁሉ የየራሱን ወፍጮ አይተክልም። እህሉን አስጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ባስፈጨው ልክ ይከፍላል፤ ሞተሩን የሚጠግነውና ነዳጁን የሚገዛው ባለወፍጮው ነው። በክላውድ አሠራርም አንድ ድርጅት የራሱን ኮምፒውተሮች ገዝቶ በራሱ ቤት ከማቆም ይልቅ የማስላትና የማከማቸት ዐቅምን ከትልቅ የመረጃ ማዕከል ይከራያል፤ በተጠቀመበት ልክም ይከፍላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሥራ ሲበዛ ተጨማሪ ዐቅም በደቂቃዎች ይገኛል፤ ሲቀንስ ይመለሳል።

ወፍጮ ቤቱ ግን መንገድ አለው። ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ ከጠፋ፣ ወፍጮው ደኅና ሆኖ ሳለ እህሉ ሳይፈጭ ያድራል። ታላላቆቹ የክላውድ ኩባንያዎች በአፍሪካ የመረጃ ማዕከሎቻቸውን የከፈቱት በደቡብ አፍሪካ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል ደግሞ በ2024 ሥራ ጀምረዋል። በአገራችንም በአዲስ አበባ የግል የመረጃ ማዕከላት ተከፍተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ያቀርባል። ይህ ሁሉ ከላሊበላ ሲታይ ሩቅ ነው። ከዚህ ገንዘብ የሚልክ ሰው ጥያቄው በስልኩ ባትሪ፣ በአንቴናው ማማ፣ ለማማው በሚደርሰው መብራት፣ ተራራ አቋርጦ በሚሄደው ፋይበር፣ በአዲስ አበባ ባሉ መሣሪያዎች፣ አንዳንዴም ድንበር ተሻጋሪ በሆነ መስመር በኩል ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ ሲበጠስ ለተጠቃሚው መተግበሪያው «ሞቷል»።

«አይበገሬነት» ወይስ «ጽናት»?

በመንግሥታዊና በልማት ሰነዶች ይህ ሐሳብ «አይበገሬነት» በሚል ቃል ሲተረጎም እናያለን። እኔ «ጽናት» የሚለውን እመርጣለሁ። አይበገሬ ማለት የማይሸነፍ፣ የማይነካ ማለት ነው፤ የማይነካ የኮምፒውተር ሥርዓት ደግሞ የለም። ጽኑ ሰው ግን መከራ የማያገኘው ሰው አይደለም። መከራ ሲያገኘው ዋናውን ነገር ሳይጥል ይቆያል፤ ካለፈም በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጽኑ መተግበሪያም እንዲሁ ነው። ሲጎዳ ዋናውን ሥራ ይዞ ይቆያል፣ የያዘውን እውነት አያጠፋም፣ ሲነሣም በሥርዓት ይነሣል። እነዚህን ሦስት ባሕርያት በልባችሁ ያዙልኝ፤ መመዘኛችን ከእነርሱ ይወጣል።

ሁለት የቅርብ ጊዜ ትምህርቶች

የመጀመሪያውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በጦርነቱ ወቅት ከሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ በመካከሉ ከነበሩት ጥቂት ቀናት በስተቀር፣ ላሊበላ ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ ነበረች። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ነበር። በኋላም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል።

በእነዚያ ወራት ሌላ ቦታ ያሉት ሰርቨሮች ሥራቸውን ቀጥለዋል። በመረጃ ማዕከሉ ውስጥ የተቀመጠ ለኪ መሣሪያ ቢጠየቅ «ሁሉ ሰላም ነው» ባለ ነበር። እዚህ ግን በሂሳቡ ገንዘብ ያለው ሰው ለልጁ ወተት መግዣ ማውጣት አልቻለም። የገንዘቡ መዝገብ አልጠፋም፤ አልተበላሸም፤ ባለቤቱ ዘንድ መድረስ ግን አልቻለም። ይህን መቋረጥ በዓመታዊ ሪፖርቱ የማያይ ድርጅት ጽናቱን ለካ ማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው ትምህርት ከመጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. የመጣ ነው። በዚያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበት ሁኔታ ተፈጠረ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በፍጥነት ተሰራጨ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት ለማቆም ተገደደ። መንስኤው የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ከተደረገ የዘወትር ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ባንኩ ገልጿል። ያላግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር የተነገረ ሲሆን፣ አብዛኛው በኋላ ተመልሷል።

ልብ በሉ፤ በዚያ ሌሊት ሥርዓቱ አልወደቀም። ቆሞ ነበር፤ ለጠየቀው ሁሉ መልስ ይሰጥ ነበር። ስሕተቱ መልሱ ላይ ነበር። ስለዚህ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «የሚሰጠው መልስ እውነት ነውን?» የሚለው ይከተላል። ገንዘብ በሚያንቀሳቅስ ሥርዓት፣ ቀሪ ሂሳብን ማረጋገጥ ካልተቻለ በሩን መዝጋት የጽናት ምልክት ነው። በጤና ጣቢያ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ምጥ የያዛት እናት መጥታ ሳለ «ሲስተም የለም» ተብሎ በር አይዘጋም፤ መዝገቡ ቢጎድል እንኳ ሕክምናው ይቀጥላል። የጽናት አመራር የሚጀምረውም ከዚህ ውሳኔ ነው፦ በችግር ቀን ምን እንጠብቃለን? ምንስ እንሠዋለን? ይህ የኢንጂነሮች ብቻ ውሳኔ አይደለም፤ የሥራው ባለቤቶችና የተገልጋዮችም ጭምር ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የክላውድ አቅራቢዎች ቃል የሚገቡት በመቶኛ ነው። 99.9 በመቶ ሲባል ምሉእ ሊመስል ይችላል፤ በዓመት ግን 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ መቋረጥን ይፈቅዳል። 99.99 በመቶ ደግሞ 53 ደቂቃ ገደማ ይፈቅዳል።

አሁን አንድ የምሳሌ ስሌት እንሥራ። ቁጥሮቹን የመረጥኩት ለማስረዳት እንጂ የከተማዋን ሁኔታ ለመዘገብ አይደለም። ክላውዱ 99.99 በመቶ፣ የአካባቢው መብራት 95 በመቶ፣ ኔትወርኩም 95 በመቶ ጊዜ ይሠራሉ እንበል። አገልግሎቱ ሦስቱንም በአንድ ላይ ስለሚፈልግ ቁጥሮቹ ይባዛሉ፤ ውጤቱም 90.2 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህም በዓመት ከ35 ቀናት በላይ መቋረጥ ማለት ነው።

ድርጅቱ ይህን ለማሻሻል ገንዘብ መደበ እንበል። ክላውዱን ወደ 99.999 በመቶ ለማሳደግ ቢያውለው፣ ለላሊበላው ተገልጋይ በዓመት የሚተርፍለት 43 ደቂቃ ገደማ ነው። በምትኩ ለመስኮቱ የፀሐይ ኃይልና ባትሪ ገዝቶ መብራቱን ከ95 ወደ 99 በመቶ ቢያደርስ፣ የሚተርፈው ወደ 14 ቀናት ገደማ ነው። ሁለቱም ወጪዎች በሪፖርት ላይ «የጽናት ማሻሻያ» ተብለው ይጻፋሉ። ልዩነታቸውን የሚያየው ግን ከመስኮቱ ሆኖ የለካ ሰው ብቻ ነው።

ጽናትን እንዴት እናስተዳድር?

አንደኛው ተግባር ነጠላ ዓይንን ማወቅ ነው። አባቶቻችን «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላሉ። በሥርዓቱ ውስጥ ብቻውን ሲወድቅ ሁሉን የሚጥል ክፍል የትኛው ነው? አንዳንዴ አንድ ሰርቨር፣ አንዳንዴ አንድ ፋይበር፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ብቻውን የያዘ አንድ ሰው ነው። መፍትሔው መደረብ ነው። እያንዳንዳቸው 95 በመቶ የሚሠሩ ሁለት መስመሮች፣ የአንዱ መውደቅ ሌላውን የማይነካ ከሆነ፣ በአንድነት 99.75 በመቶ ይደርሳሉ። ሁለቱም በአንድ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ ከሆነ ግን ምሰሶው ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ፤ ክፍያው የሁለት፣ ጥቅሙ የአንድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በእሳት ሲወድም፣ መጠባበቂያ ቅጂያቸው እዚያው የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጥተዋል። የላስታ ገበሬ ይህን ጥበብ ቀድሞ ያውቀዋል። ማሳው በተለያየ ተረተር ላይ ከሆነ በረዶ አንዱን ሲመታ ሌላው ይተርፋል።

ሁለተኛው ተግባር ተነጥሎ መሥራትን መማር ነው። ግንኙነት ሲቋረጥ መተግበሪያው ዐይኑን ጨፍኖ መቆም የለበትም። መረጃውን እዚያው ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ይመዝግብ፤ መስመሩ ሲመለስ ይላክ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና የጤና ሚኒስቴራችን ለጤና መረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር፣ በስልክ በሚሠራው ቅርጹ ይህን ያደርጋል። ባለሙያው ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ በኋላ ማስተላለፍ ይችላል። ሌላው ስልት ደረጃ በደረጃ ዝቅ ማለት ነው። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በዘመናዊ መተግበሪያ ብቻ ሳይሆን በ*127# በኩልም ይሠራል። ይህኛው መንገድ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የስልክ መረቡ ካለ በቂ ነው። ከእርሱም በታች የወረቀት ደረሰኝና መዝገብ አለ። ወረቀትን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ የቴክኖሎጂ ባለሙያ በችግር ቀን ይጸጸታል። ወረቀቱ የሥርዓቱ የመጨረሻ ደረጃ ሆኖ አስቀድሞ ሊዘጋጅ፣ ቅጹ ሊታተም፣ ሠራተኛውም ሊለማመደው ይገባል።

ሦስተኛው በሥርዓት መመለስ ነው። ብዙ ሥርዓቶች የሚጎዱት ሲወድቁ ሳይሆን ሲነሡ ነው። መስመሩ እንደተመለሰ ሺህ ስልኮች በአንድ ጊዜ ቢጮኹ፣ በጠባብ በር እንደሚጋፋ ገበያተኛ፣ ገና የተነሣውን ሥርዓት መልሰው ይጥሉታል። ስለዚህ መተግበሪያዎች ያልተሳካላቸውን ሙከራ ሲደግሙ በየጊዜው እየራቁና እየተለያዩ እንዲሞክሩ ይደረጋል፦ አንዱ ከ2 ሰከንድ፣ ሌላው ከ5፣ ቀጥሎም ከ10 ሰከንድ በኋላ። ከዚህ የከፋው አደጋ መደጋገም ነው። መስመር ተቋርጦ መልስ ያልደረሰው ሰው «ላክ» የሚለውን ደግሞ ይጫናል። የመጀመሪያው ተልኮ ከነበረ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። መከላከያው የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ እንደ ደረሰኝ ቁጥር የማይደገም መለያ ይሰጠዋል፤ ተቀባዩም ያንን ቁጥር ቀድሞ አይቶት ከሆነ ሥራውን ሳይደግም የፊተኛውን ውጤት ብቻ ይናገራል። በወረቀት የተያዘው ሁሉ ከኮምፒውተሩ ጋር ተመሳክሮ እስኪታረቅ ድረስም አደጋው አልፏል አይባልም።

አራተኛው ጭነትን ማቻቻል ነው። ለዚህ ከታኅሣሥ 29 የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የገና ሰሞን ከመላው አገሪቱ የሚመጣው ምእመን ከተማዋን ሲሞላት፣ በዘወትር ቀን የሚበቃው ኔትወርክና የክፍያ መስመር ይጨናነቃል። ዕለቱ ግን ድንገተኛ አይደለም፤ በየዓመቱ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። አስቀድሞ ዐቅም መጨመር ይቻላል። ዐቅም ካልበቃም ምርጫ ይደረጋል፤ የክፍያ ጥያቄ ይለፍ፣ ማስታወቂያና ትልልቅ ምስሎች ይቆዩ። ያለ ምርጫ ሁሉንም ለማስተናገድ የሚሞክር ሥርዓት ሁሉንም ያጣል።

አምስተኛው ምናልባትም ከሁሉ የሚረሳው ነው፦ መከላከያው ራሱ አደጋ እንዳይሆን መጠበቅ። ይህን የተማርኩት ከኮምፒውተር አይደለም፤ ከዚህ ከተማ ነው። ከውቅሮቹ አብያተ ክርስቲያናት ጋር የተፈለፈሉት ቦዮች ዝናቡን ይቀበሉና ያወርዱታል። የቀደሙት ጠራቢዎች ዝናብ አይመጣም ብለው አልተመኙም፤ የሚሄድበትን መንገድ ሠሩለት። በዘመናችን አለቱ በዝናብና በስንጥቅ ሲጎዳ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአንዳንዶቹ ላይ ጊዜያዊ መጠለያዎች ተሠሩ። ዓላማቸው ጥበቃ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን እነዚያው መጠለያዎች በክብደታቸው አደጋ እንዳያመጡ የከተማዋ ነዋሪዎች ድምፃቸውን አሰምተዋል። በኮምፒውተር ዓለምም የምንጨምረው መከላከያ ሁሉ የራሱ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ከነተጓዳኝ አገልግሎቶቹ ለስድስት ሰዓታት ያህል ከዓለም ሲጠፋ፣ መነሻው በጥገና ጊዜ የተሰጠ የተሳሳተ ትእዛዝ ነበር። ትእዛዙን ማገድ የነበረበት ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ራሱ እንከን ስለነበረበት አሳለፈው። ጠባቂን ስንሾም ጠባቂውንም እንፈትን።

እንዴት እንመዝን?

ጽናት በንግግር አይመዘንም። ለማንኛውም መተግበሪያ የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች በቁጥር መመለስ ይገባል።

ሀ. ከወደቀ በኋላ በስንት ጊዜ ይመለሳል? ግቡ ስንት ሰዓት ነው? በልምምድ የታየውስ?

ለ. ሲወድቅ የስንት ጊዜ መረጃ ይጠፋል? መጠባበቂያ ቅጂ በየሌሊቱ የሚወሰድ ከሆነ፣ ከምሽት በፊት የሚደርስ አደጋ የሙሉ ቀን ሥራ ሊያጠፋ ይችላል።

ሐ. መስመር ሲቋረጥ መስኮቱ ብቻውን ስንት ቀን መሥራት ይችላል?

መ. ከተመለሰ በኋላ መዝገቡ ከእውነታው ጋር ይታረቃል? ስንት ልዩነት ተገኘ? በስንት ቀን ተፈታ?

ሠ. መውደቁን ማን፣ በምን ያህል ጊዜ ያውቃል? ተገልጋዩ ቀድሞ ከደወለ መልሱ መጥፎ ነው።

በመጨረሻው ጥያቄ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2017 አንድ የአማዞን ሠራተኛ በስሕተት በገባ ትእዛዝ ከታሰበው በላይ ሰርቨሮችን ከሥራ አወጣ፤ ብዙ የዓለም ድረ ገጾችም ለሰዓታት ተቋረጡ። የሚያስገርመው፣ የአገልግሎቱን ጤንነት ለሕዝብ የሚያሳየው ገጽ ራሱ በወደቀው አገልግሎት ላይ የተመሠረተ ስለነበር ችግሩን በወቅቱ ማሳየት አልቻለም። የሚለካው መሣሪያ ከሚለካው ነገር ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ካደረ ውሎ አድሮ አብሮ ይተኛል። የላሊበላን አገልግሎት የሚለካ መሣሪያ ላሊበላ ይቀመጥ የምለውም ለዚህ ነው።

መልሶቹ የሚገኙት በልምምድ ነው። ኔትፍሊክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ የራሱን ሰርቨሮች በሥራ ሰዓት እየመረጠ የሚያጠፋ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ዓላማው ሠራተኞቹ ውድቀትን እንደ ዘወትር ነገር አስበው እንዲሠሩ ማድረግ ነው። እኛ እስከዚያ መድረስ አይጠበቅብንም። በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ተገልጋይ በማይበዛበት ሰዓት፣ አስታውቆ ገመዱን መንቀልና ሰዓት መያዝ ይበቃል። ማን ተደናገጠ? የወረቀቱ ቅጽ የት ተገኘ? የጀኔሬተሩ ነዳጅ ነበር? የተገኘውን ጉድለት ያለ ወቀሳ መጻፍ፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት መታረሙን ማየት ነው።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ተቋም የተማሪዎችን ውጤት የያዘ ኮምፒውተር በኃላፊነት እይዝ ነበር። መጠባበቂያ ቅጂ በየሳምንቱ ይወሰዳል፤ «ተሳክቷል» የሚል መልእክትም ይመጣል። ምረቃ ሲቃረብ ዲስኩ ተበላሸ። ቅጂውን ስንከፍተው ባዶ ነበር። ለወራት ባዶ ፋይል ስንቀዳ ኖረናል። ቅጂ መውሰዳችንን እናረጋግጥ ነበር እንጂ ከቅጂው መመለስን አንድም ቀን አልሞከርንም። ያዳኑን በመሳቢያቸው ውስጥ የውጤት ወረቀታቸውን ያስቀመጡ መምህራን ናቸው። ሆኖም የአንዳንድ ተማሪዎች ማስረጃ ዘገየ፤ በዚያ ምክንያት ሥራ ያመለጠው ልጅ ቢሮዬ መጥቶ ያለቀሰው እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልጠፋም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ብሂል የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ባለሙያ መሆን አይጠበቅባችሁም። ጠያቂ ግን ሁኑ። አዲስ ሥርዓት ይዞ ለሚመጣ ሁሉ፣ «መስመር ሲቋረጥ እዚህ ያለነው ምን እናደርጋለን? ስንት ቀን እንቆያለን? ሲመለስስ መዝገባችን እንዴት ይታረቃል? መቼ ተለማመዳችሁት?» በሉት። መልሱ «ክላውዱ አይወድቅም» የሚል ከሆነ፣ ሰውዬው ስለ ሌላ ቦታ እያወራ ነው።

ከታዳሚዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች

ጥያቄ (የሆቴል ባለቤት)፦ እንግዶቻችን በኢንተርኔት አልጋ ይዘው እኛ ሳናየው የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ታዲያ ወደ ደብተር ብንመለስ አይሻልም?

መልስ፦ ሁለቱንም ይያዙ፤ የሥራ ክፍፍላቸውን ግን ይወስኑ። መስመር ባለ ቁጥር፣ ቢቻል በየማታው፣ የሚቀጥሉትን 30 ቀናት ዝርዝር በወረቀት ያትሙ። በመቋረጥ ጊዜ እውነቱ ያ ወረቀት ይሆናል። ከክፍሎችዎ ጥቂቱን በኢንተርኔት ሳያወጡ ያቆዩ፤ ሳይታይ የመጣ እንግዳ ማደሪያ ያገኛል። አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማ የሚኖር የሚታመን ሰው በስምዎ ገጹን እንዲከታተልና መስመር ሲዘጋ አዲስ ማስያዝን እንዲያቆም ውክልና ይስጡት። ይህ ምንም አዲስ ሶፍትዌር አይጠይቅም።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ መረጃችን ሁሉ በአገር ውስጥ ማዕከል ቢቀመጥ የጽናቱ ችግር አይፈታም?

መልስ፦ ሁለት ጉዳዮች ናቸው፤ አንለያያቸው። የመረጃ ባለቤትነትና ጥበቃ የሕግ ጉዳይ ነው፤ ለዚህም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ጽናት ደግሞ የሰንሰለቱ ጉዳይ ነው። ማዕከሉ አዲስ አበባ ሲሆን ድንበር ተሻጋሪው ቀለበት ይቀንሳል፤ ይህ ጥቅም ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ላሊበላ ያለው ፋይበር፣ ማማውና መብራቱ ግን ባሉበት ይቀራሉ። ሁለተኛው ቅጂስ የት ይቀመጣል? እርሱም አዲስ አበባ ከሆነ በአንድ ከተማ የሚደርስ አደጋ ሁለቱንም ይነካል። አንተ በሚቀጥለው ሳምንት ልትሠራው የምትችለው ነገር አለ፦ በትምህርት ቤታችሁ የምትጠቀሙበትን አንድ መተግበሪያ ምረጥ፤ የሚያልፍበትን መንገድ በወረቀት ላይ ሣል፤ ነጠላ ዓይኖቹን በቀይ አክብብ። ከዚያ ሥዕሉን ለርእሰ መምህሩ አሳየው።